የባሌት ጫማ ቀለም፦ ማንን አስቦ ተሠራ?

በለንደን የሚገኘው "ባሌት ብላክ" የተሰኘው የውዝዋዜ ቡድን በ2018 ከነበሩት ቀዳሚ ተወዛዋዦች አንዷ ሲራ ሮቢንሰን ናት። ትውልደ አሜሪካዊቷ ሮቢንሰን ወደ መድረክ ከመውጣቷ በፊት ለዓመታት አንድ ተጨማሪ ሥራ ነበራት። አዲስ የተገዛውን ሮዝ የባሌት ጫማ ይዛ ትቀመጣለች። ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡትን ፋውንዴሽን በስፖንጅ እያነሳች፣ ጫማው የቆዳዋን ቀለም እስኪይዝ ድረስ ትቀባዋለች። ስፌቱ፣ እጥፋቱ እና ሪባኑ ሳይቀር መቀባት አለበት። ለአንድ ጥንድ ጫማ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ጫማው ሲያልቅ ደግሞ ሥራው በአዲሱ ጥንድ ላይ እንደገና ይጀመራል።

ነጭ ተወዛዋዦች ይህ ሥራ አልነበረባቸውም። ጫማቸውን ከካርቶኑ አውጥተው፣ ሪባኑን ሰፍተው ወደ ልምምድ ይገባሉ። ልዩነቱ ከችሎታም ከትጋትም የመጣ አይደለም። ጫማው ሲሠራ የማን እግር ታስቦ እንደነበር ከሚናገረው ቀለም የመጣ ነው። ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት ጥቃቅን ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አንድ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ማንን እንደ ቤተሰብ፣ ማንን እንደ እንግዳ ሲቆጥር እንደኖረ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሌት ከጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተነሥቶ በፈረንሳይ ያደገ፣ ኋላም ሩሲያን ጨምሮ በመላው አውሮፓ የተስፋፋ የውዝዋዜ ጥበብ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 የዳንስ አካዳሚ ካቋቋመ በኋላ ሥርዓትና ሕግ ያለው ትምህርት ሆነ። በ1832 ማሪ ታሊዮኒ በፓሪስ "ላ ሲልፊድ" በተሰኘው ትርኢት በእግር ጣቷ ጫፍ ቆማ ከተወዛወዘች ወዲህ ደግሞ፣ በጣት ጫፍ መቆም የሴት ባሌት ተወዛዋዥ መለያ ሆነ።

እስክስታ የሚያይ ሰው ዓይኑን ትከሻ ላይ እንደሚጥል ሁሉ፣ የባሌት ተመልካችም የሚከተለው ከዳሌ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚዘረጋውን መስመር ነው። እግሩ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ፣ ከመሬት የተላቀቀ መስሎ መታየት አለበት። የታይቱና የጫማው ቀለም ከገላ ጋር እንዲመሳሰል የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ሮዝ የተለመደውም የነጭ ተወዛዋዦችን ገላ ስለሚቀርብ ነው። ያው ሮዝ ጫማ በጥቁር ተወዛዋዥ እግር ላይ ሲውል ግን የተገላቢጦሽ ይሠራል። መስመሩ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቆረጣል፤ ዓይንም እግሯን ትቶ ጫማዋ ላይ ያርፋል። ጥቁር ተወዛዋዦች ጫማቸውን የሚቀቡት ከጥበቡ ሕግ ለመውጣት ሳይሆን ሕጉን ለመጠበቅ ነው ማለት ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። የባሌት ጫማ ከውጭ ሲያዩት ለስላሳ ሳቲን ነው። ጣቶቹን የሚያቅፈው ጫፍ ግን እንደ ጆንያ ያለ ሸካራ ጨርቅና ወረቀት ተደራርቦ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ በምድጃ ደርቆ የጠነከረ ነው። በላብና በክብደት ብዛት ሙጫው ይለሰልሳል፤ ጫፉም ይሰበራል። በዚህ ምክንያት አንድ ጥንድ ጫማ ለአንድ ምሽት ትርኢት ብቻ፣ አንዳንዴም ለአንድ ክፍል ብቻ ያገለግላል። በትልልቅ ቡድኖች ያለች መሪ ተወዛዋዥ በዓመት ከመቶ ጥንድ በላይ ልትጨርስ ትችላለች። ዋጋውም ለአንድ ጥንድ 100 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የቅባቱ ወጪና የመቀቢያው ሰዓት ሲጨመር፣ ጥቁር ተወዛዋዥ ከባልደረቦቿ እኩል ለመቆም ብቻ ምን ያህል ተጨማሪ እንደምትከፍል መገመት አያዳግትም።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን ላየ፣ ቀለም መቀባት በጫማ ብቻ አልቆመም። በ1932 ጃኔት ኮሊንስ የተባለች ታዳጊ አሜሪካዊት ዝነኛ በነበረው የሞንቴ ካርሎ የሩሲያ ባሌት ቡድን ለመቀጠር ስትፈተን፣ ችሎታዋ ቢመሰከርላትም ለመድረክ ፊቷን ነጭ መቀባት እንዳለባት ተነገራት። እሷም እምቢ ብላ ወጣች። ከዓመታት በኋላ፣ በ1951፣ በኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ መሪ ባሌት ተወዛዋዥ ለመሆን በቃች።

በ1955 እዚያው የሞንቴ ካርሎ ቡድን የተቀጠረችው ሬቨን ዊልኪንሰን ቆዳዋ ፈካ ያለ ስለነበር ፊቷን በነጣ ቅባት እየሸፈነች ትወዛወዝ ነበር። ቡድኑ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ሲዘዋወር ግን ጥቁርነቷ በመታወቁ ሆቴል ተከለከለች። የኩ ክሉክስ ክላን አባላትም ቡድኑን እስከማስፈራራት ደረሱ። ውሎ አድሮ ከቡድኑ ለቀቀች። በገዛ ሀገሯ መድረክ ስታጣ ወደ ኔዘርላንድስ ተሻግራ፣ ከ1967 ጀምሮ በዚያች ሀገር ብሔራዊ የባሌት ቡድን ሠራች።

የጫማውን ጥያቄ በተግባር የመለሰው የመጀመሪያው ታላቅ ተቋም "የሐርለም የዳንስ ቴአትር" ነው። መሥራቹ አርተር ሚቼል በኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ለመሪ ተወዛዋዥነት የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደል ሐዘኑን ወደ ሥራ ለውጦ፣ በተወለደበት የሐርለም ሰፈር ልጆችን ባሌት ማስተማር ጀመረ። በ1969 ደግሞ ከመምህሩ ካሬል ሹክ ጋር ቡድኑን አቋቋመ። ከ1974 ጀምሮ የቡድኑ ሴት ተወዛዋዦች ሮዙን ትተው፣ እያንዳንዷ የየራሷን ቆዳ የሚመስል ታይትና ጫማ ለብሳ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረች። ታይቱ ይነከራል፤ ጫማው ይቀባል። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ተመልካች ያየው ግን ያልተቆረጠ መስመር ነው።

ጋይኖር ሚንደን የተባለው አሜሪካዊ ጫማ አምራች ሦስት ዓይነት ቡናማ ጫማዎችን ለገበያ ያቀረበው በ2017 ነው። በ1929 የተመሠረተውና በባሌት ጫማ ስሙ የገነነው የለንደኑ ፍሪድ ደግሞ በ2018 ከባሌት ብላክ ጋር ተመካክሮ ሁለት ቀለሞችን፣ ቡናማና የነሐስ መልክ ያለውን፣ ማምረት ጀመረ። ከ1974 እስከ 2018 ያለው ልዩነት 44 ዓመት ነው። ችግሩ ታይቷል፤ መፍትሔውም መድረክ ላይ ተሞክሯል። ታዲያ ወደ ፋብሪካው ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን ለምን ወሰደ?

መልሱ በቴክኒክ ችግር አይገኝም። ሳቲን በማንኛውም ቀለም ሊነከር የሚችል ጨርቅ ነው። ፍሪድን የመሰሉ ድርጅቶች እያንዳንዱን ጫማ በእጅ የሚሠሩ፣ የእያንዳንዷን ተወዛዋዥ የእግር ልክና ፍላጎት መዝግበው የሚይዙ ናቸው። ሠሪው ባለሙያ በጫማው ሶል ላይ የራሱን ምልክት እስከሚያትም ድረስ ሥራው የግል ነው። የተረከዙን ከፍታና የጫፉን ጥንካሬ ለአንዲት ሴት ብሎ የሚያስተካክል ባለሙያ ቀለሙን ለመለወጥ አይቸገርም።

ያዘገየው የገበያ ዑደት ነው። አምራቹ "ቡናማ ጫማ የሚገዛ ጥቂት ነው" ይላል፤ እውነቱን ነው። ገዢው ጥቂት የሆነው ግን ጥቁር ልጆች ወደ ባሌት ትምህርት ቤት በብዛት ስላልገቡ፣ የገቡትም ስላልቆዩ ነው። ያልቆዩበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ጫማው፣ ታይቱ፣ የፀጉር አሠራሩ ሁሉ "አንቺ አልታሰብሽም" እያለ ስለሚነግራቸው ነው። አርሶ አደሩ ይህን ዑደት በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ነጋዴው ገዢ የለም ብሎ አዲስ ዝርያ ወደ ወረዳው አያመጣም፤ ዘሩ ስላልመጣም አርሶ አደሩ አይቶ ሊጠይቀው አይችልም። ይህን ዑደት አንድ ወገን ቀድሞ ካልሰበረው ራሱ አይሰበርም።

በባሌቱ ዓለም ዑደቱ የተሰበረው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው የተቋማት ውሳኔ ነው። ባሌት ብላክን በ2001 ያቋቋመችው ካሳ ፓንቾ ለጥቁርና ለእስያውያን ተወዛዋዦች መድረክ ስትከፍት፣ ቡናማ ጫማ የሚፈልጉ ባለሙያዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስባለች። በተናጠል ሲቀርብ ችላ ሊባል ይችል የነበረው ጥያቄ የአንድ ቡድን ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ አምራቹ ቁጭ ብሎ ተመካከረበት። ሁለተኛው የሕዝብ ድምፅ ነው። በግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ የተነሣው ንቅናቄ የባሌት መድረክንም ነካ። ከ1887 ጀምሮ በሥራ ላይ ላለው ካፔዚዮ ለተባለው አሜሪካዊ ድርጅት የተጻፈ አቤቱታ ከ300 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰበ። ድርጅቱም በጣም የሚሸጡ ጫማዎቹን በጠቆሩ ቀለሞች ለማቅረብ ቃል ገባ። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ በሕይወታቸው የባሌት ጫማ አድርገው የማያውቁ እንደሚሆኑ መገመት ይቻላል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንዲሉ፣ ለአንዲት ተወዛዋዥ ሸክም የነበረው ጥያቄ ለብዙኃን ቀሎ ታየ።

ለውጡን የሚተቹ ወገኖችም አሉ። ክርክራቸውም ተራ አይደለም። እንደ "ስዋን ሌክ" ባሉ ትርኢቶች በርካታ ሴቶች እንደ አንድ አካል መንቀሳቀስና እንደ አንድ አካል መታየት አለባቸው፤ አንዷ በቡናማ ታይት፣ ሌላዋ በሮዝ ከወጣች ኅብሩ ይፈርሳል ይላሉ። በ2018 በእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት የምትሠራው አሜሪካዊት ፕሬሽየስ አዳምስ ሮዝ ታይት ትታ የቆዳዋን ቀለም የያዘ ለመልበስ ስትወስን ይህ ትችት ገጥሟታል። የቡድኑ የጥበብ ዳይሬክተር ታማራ ሮሆ ግን ከጎኗ ቆማለች።

ትችቱን ሲመዝኑት አንድ ነገር ይጎድለዋል። የተወዛዋዦች ፊት፣ ክንድና አንገት ዱሮውንም የተለያየ ነው። አንድነቱ የሚመጣው ከእንቅስቃሴ፣ ከትንፋሽና ከሙዚቃ እንጂ ከቆዳ አይደለም። አንድነት በቆዳ ይለካ ከተባለ ጥያቄው በታይት አያበቃም። ይህም በበርሊን ታይቷል። በ2018 የበርሊን መንግሥታዊ ባሌትን የተቀላቀለችው ፈረንሳያዊት ክሎኤ ሎፔስ ጎሜስ፣ በ"ስዋን ሌክ" ትርኢት ገላዋን ነጭ እንድትቀባ ተጠይቄያለሁ ስትል በ2020 ለሕዝብ ይፋ አደረገች። ጉዳዩ በ2021 በስምምነት ሲቋጭ ውሏ ለአንድ ዓመት ተራዝሞ 16 ሺህ ዩሮ ተከፍሏታል። ጃኔት ኮሊንስ በ1932 የሰማችው ጥያቄ ከሰማንያ ዓመታት በላይ አልፎም በሌላ አህጉር ሲያከራክር ነበር ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሮዝ ጫማ ማድረግን የሚመርጡ ጥቁር ተወዛዋዦችም አሉ። ለአንዳንድ ትርኢቶች ታሪካዊው ልብስ እንዳለ እንዲጠበቅ ይፈልጋሉ። ዋናው ቁም ነገር ቡናማው ሮዙን እንዲተካ ማስገደድ አይደለም፤ ባለቤቷ የምትመርጠው ነገር በመደርደሪያው ላይ እንዲኖር ማድረግ ነው።

የጫማው ቀለም መለወጥ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ውስን መሆኑም መታወቅ አለበት። ሁለት ወይም ሦስት ቡናማ ቀለሞች የጥቁር ሕዝቦችን ልዩ ልዩ መልክ ሁሉ አይሸፍኑም፤ ዛሬም ስፖንጅና ፋውንዴሽን ያልተለያቸው ተወዛዋዦች አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ወደ ጫማው ለመድረስ የሚያስፈልገው ዓመታትን የሚፈጅ ትምህርትና ገንዘብ ነው። የሐርለም የዳንስ ቴአትር ራሱ በዕዳ ተጨንቆ በ2004 የትርኢት ቡድኑን ለመዝጋት ተገድዶ ነበር፤ ወደ መድረክ የተመለሰው በ2012 ነው።

ሚስቲ ኮፕላንድ በ2015 የአሜሪካን ባሌት ቴአትር መሪ ተወዛዋዥ ስትሆን በተቋሙ የ75 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ሲሆን፣ ይህም በሙያው ዘግይቶ እንደ መጀመር ይቆጠራል። በወቅቱ እናቷና ወንድም እህቶቿ በርካሽ ሆቴል ክፍል ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ትምህርቷን ያገኘችውም በልጆች ማዕከል የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በነጻ በተሰጠ ሥልጠና ነው። ያ ነጻ ሥልጠና ባይኖር የጫማ ቀለም ጥያቄ እሷ ዘንድ ባልደረሰ ነበር።

የሚካኤላ ዴፕሪንስ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በ1995 በሴራሊዮን የተወለደችው ሚካኤላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወላጆቿን አጥታ በሕፃናት ማሳደጊያ ሳለች፣ በመጽሔት ገጽ ላይ የባሌት ተወዛዋዥ ፎቶግራፍ አይታ ልቧ ተማረከ። አሜሪካውያን ወላጆች አሳደጓት፤ በሐርለም ቡድን ሠርታ በ2013 የኔዘርላንድስ ብሔራዊ ባሌትን ተቀላቀለች። በ2024 በ29 ዓመቷ ሕይወቷ እስካለፈበት ጊዜ ድረስ፣ ልጅ ሳለች ጥቁር በመሆኗ መሪ ሚና እንደተከለከለች በተደጋጋሚ ትናገር ነበር። በ2020 ደግሞ በናይጄሪያ ሌጎስ አንድ የ11 ዓመት ታዳጊ በዝናብ፣ በባዶ እግሩ፣ በኮንክሪት ላይ ባሌት ሲሠራ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል በዓለም ዙሪያ ታየ። ምስሉም ለእሱ የትምህርት ዕድል ከፈተለት። ጫማ ከሌለው ልጅ አንጻር የጫማ ቀለም ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሁለቱም ግን "ይህ ጥበብ የማን ነው?" የሚል የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

በፓሪስም ጥያቄው እየተመለሰ ያለው በዚሁ ሰፊ መልክ ነው። መነሻውን ከ1669 የሚቆጥረው የፓሪስ ኦፔራ ጥቁርና ቅይጥ ዘር ያላቸው ባለሙያዎች በ2020 ያቀረቡትን ጥያቄ ተቀብሎ ጉዳዩን በገለልተኛ ባለሙያዎች አስጠንቷል። ከጥያቄዎቹ መካከል ለቆዳቸው የሚስማማ ታይትና ጫማ ይገኝበታል። አባቱ ሴኔጋላዊ የሆነው ጊዮም ዲዮፕ በመጋቢት 2023 "ኤትዋል"፣ ትርጉሙም "ኮከብ"፣ የተባለውን የቡድኑን ከፍተኛ ማዕረግ ሲያገኝ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኗል።

ይህ ሁሉ ባሌት አይቶ ለማያውቅ ሰውም ትርጉም አለው። ክራዮላ የተባለው የልጆች የሥዕል ቀለም አምራች "የሥጋ ቀለም" ሲለው የነበረውን አንድ ቀለም በ1962 ስሙን "ኮክ" ብሎ ለውጦታል። የማን ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ በመነሣቱ ነው። የቁስል ፕላስተርም፣ ስቶኪንግም "የቆዳ ቀለም" ተብሎ ሲሸጥ ያው ጥያቄ ይነሣል። ዕቃው በክፋት ላይሠራ ይችላል። የሠራው ሰው በዓይነ ኅሊናው ያየው አንድ ዓይነት ገዢ ብቻ ሲሆን ግን፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ዕቃውን ለራሱ የማስተካከል ሸክም ይወድቅበታል።

ባለፉት ዓመታት የተገኘው ለውጥ የሚለካውም በዚህ ሸክም ነው። ቡናማ ጫማ መመረቱ ዘረኝነትን አያጠፋም፤ የትምህርት ክፍያም አይከፍልም። ነገር ግን የማስተካከሉን ሥራ ከተወዛዋዧ ትከሻ አውርዶ ወደሚገባው ወደ ፋብሪካው መልሶታል። ከእንግዲህ የሚጠበቀው የጫማው መኖር ብቻ አይሆንም፤ ጫማውን የሚያደርጉት ልጆች ቁጥር፣ የሚያሠለጥኗቸው መምህራን ማንነት እና ከትምህርት ቤት እስከ መሪ ተወዛዋዥነት የሚዘልቁት ብዛት ነው። ጫማ ስትቀባ አንድ ሰዓት ታጠፋ የነበረች ተወዛዋዥ፣ ያን ሰዓት ዛሬ እንደ ባልደረቦቿ ለልምምድ ወይም ለዕረፍት ልታውለው ትችላለች።